ባለቤቴ ቀሚስ የለበሰ ዕለት

ይህን ታሪክ ለማንም እንዳልናገር ለባለቤቴ ቃል ገብቼለት ነበር። ቃሉን ያፈረሰው ግን ራሱ ነው። በቅርቡ ቢቸና ከብት ገበያ ብቅ ብል፣ ይርዳው የማያውቃቸው ሰዎች ከበውት ያንኑ የሞጣውን ጉዳይ ይተርካል። ያውም ግማሹን ትቶ፣ ግማሹን ለራሱ በሚያምር መልኩ አስተካክሎ። ሳያየኝ ዞር ብዬ ሄድኩና ለራሴ፣ ከተወራ አይቀር እንደሆነው ይወራ አልኩ።

አንጓች እባላለሁ። የምንኖረው ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ማለዳ የተነሳ ሰው ጤዛው ሳይረግፍ በእግሩ ከተማ የሚገባበት ቀበሌ ነው። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት ቢቸና፣ ልብስ ሰፊ አክስቴ ቤት ተቀምጬ ነው። ደብተሬን ዘርግቼ ዓይኔ ግን ከእሷ የስፌት መኪና ላይ አይነሳም ነበር። ትምህርቱ እምብዛም አልገባኝም፤ ስፌቱ ማንም ሳያስተምረኝ ገባኝ። አግብቼ ገጠር ከገባሁ በኋላ አክስቴ ዓይኗ ደከመና ልጆቿ ወደ ባሕር ዳር ወሰዷት። መኪናዋን ለእኔ ተወችልኝ። በአህያ ጭነን ስናመጣት አንድ እግሯ መንገድ ላይ ተሰበረ፤ እስከ ዛሬም ድንጋይ ተደግፋ ነው የምትሠራው።

ይርዳው ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ቀጥሎ በምነግራችሁ ነገር ትቀየሙታላችሁ። ረጅም ነው፤ አጥር ማዶ ቆሞ ቢያናግራችሁ ከአንገቱ በላይ ይታያል። ጢሙን ይወዳል። ማረስ ይወዳል። የስፌት መኪናዬን ግን አይወዳትም ነበር። "አንካሳዋ" ነው የሚላት። ማታ ከእርሻ ሲገባ "ዛሬም ከአንካሳዋ ጋር ስትጫወቺ ዋልሽ?" ይለኛል። እኔ ደግሞ የጎረቤቱን ቀሚስ፣ የልጆቹን ሱሪ፣ የቄሱን ካባ ስሰፋ ውዬ፣ ጨውና ዘይቱ ከዚያው ከስፌቱ እየተገዛ፣ "እጄን ላፍታታ ብዬ ነው" እለዋለሁ። ሰው ምን ትሠሪያለሽ ብሎ ሲጠይቀኝም መልሴ "ምን እሠራለሁ፣ ቤት ነው ያለሁት" የሚል ነበር። እንግዲህ እሱ ጨዋታ ቢለው አይፈረድበትም፤ እኔም ሌላ ስም አልሰጠሁትም።

ሞጣ ከመሄዳችን በፊት በነበረው ክረምት ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ገደል ገብቶ ሞተ። ይርዳው ከጎረቤት ጋር አቀናጅቶ ማረስ ያዘ። የራሱ ቀን እስኪደርስ አጥር ተደግፎ የሌላውን ሰው ማሳ ሲያይ ይውላል። ረጅም ሰው ሲያዝን ደግሞ ከሩቅ ይታያል። በመጨረሻ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቢቸና ያለ አንድ ልብስ ሰፊ መኪናዋን እንደሚፈልጋት ነገረኝ።

"በሬው ላይ ትጨመርልን ነበር" አለ።

"አነጋገርከው?"

"ጠየቀኝ እንጂ እኔ አላነጋገርኩትም።"

ዋሽቷል፤ ግን አላፋጠጥኩትም። በሬ በሬ ነው። ያለ በሬ የሚሆነውን እኔም አውቃለሁ። "የሞጣዋን ሙሽራ ቀሚስ ልጨርስ፤ ከዚያ በኋላ ይውሰዳት" አልኩት። ይህን ስል ጎንበስ ብዬ ክር እንደጠፋው ሰው መሬቱን እዳብስ ነበር።

የሞጣዋ ሙሽራ ነገር እንዲህ ነው። እትዬ የሺ የሚባሉ የሞጣ ሴት ለለቅሶ ቢቸና መጥተው እኔ የሰፋሁትን ጥልፍ ቀሚስ በአንዲት ሴት ላይ አዩና አፈላልገው አገኙኝ። ልጃቸው ሰናይት ደብረ ኤልያስ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ቬሎ አልለብስም፣ የአገሬን ጥልፍ ነው የምፈልገው ብላለች። ለልክ እንዲሆነኝ አንድ ያረጀ ቀሚሷን አውጥተው ሰጡኝ። "ይኸው ልኳ፣ ከዚህ አታሳልፊ" አሉኝ። እኔም አላሳለፍኩም። ያን ቀሚስና አብሮት የሚለበሰውን ድርብ ኩታ የሠራሁትን ያህል በሕይወቴ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም። የመጨረሻዬ ነዋ።

የሠርጉ ዋዜማ ማለዳ ቀሚሱን በአንሶላ፣ አንሶላውን በፌስታል ጠቅልዬ ስነሳ ይርዳው ጋቢውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ በር ላይ ቆሟል።

"ወዴት ነው?"

"ሞጣ" አለ። "የሞጣ ገበያ በሬ አለ ይላሉ፤ እግረ መንገዴን ልየው።"

በዚያ ቀን ሞጣ ገበያ እንደማይቆም እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ብቻዬን እንዳልሄድ ሰግቶ ነው። ይህን ከሚናገር ግን ሌላኛውን በሬ ቢሸጥ ይመርጣል።

ቢቸና ላይ ሚኒባስ ያዝን። ይርዳው ከሴት ጥቅል ጋር ላለመታየት ከፊት ለፊቴ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን አንድ ሰውዬ ዘይት የተሞላ ጀሪካን ይዞ ከጎኔ ተሰየመ። ክዳኑ በላስቲክ የታሰረ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ዘይቱ በክዳኑ ዙሪያ ጠብ ይላል። እኔ ጥቅሉን ወደ ደረቴ ሳስጠጋ፣ እሱ ወደ እኔ ሲንሸራተት፣ ይርዳው ዞሮ አየን። እጁን ዘርግቶ ጥቅሉን ወሰደና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ጉንደ ወይን ላይ መኪናው ቆሞ ሰው ሁሉ ሲወርድ እንኳ እሱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

"ልጅ ነው እንዴ የታቀፍከው?" አለው ከጎኑ የተቀመጠ ሰው።

"ዕቃ ነው" አለ ይርዳው።

"ምን ዕቃ?"

"ዕቃ።"

ከኋላ ሆኜ ጆሮው ሲቀላ አየሁት። ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ።

ሞጣ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነበር። ግቢው ውስጥ ዳስ ይጣላል፤ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ሰው ከሰው ይጋጫል። እትዬ የሺ እየሮጡ መጥተው ሳሙኝ። ወደ ውስጥ ስንገባ ይርዳው በሩ ዝቅ ቢልበት ጎንበስ ብሎ ገባና አንዱ ጥግ ቆመ። ቀሚሱን ፈትቼ ዘረጋሁት። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ የሺ እንባ በእንባ ሆኑ። እኔም ትንሽ ኮራሁ፤ አልዋሽም።

ኩራቴ ብዙ አልቆየም። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ጎረቤት፣ እትዬ ዘይነብ፣ ሠርጉን ሊያግዙ መጥተው ነበር። እሳቸውም የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፉ ሴት ናቸው። ቀሚሱን በትከሻው ይዘው ከፍ አደረጉት። የታችኛውን ጠርዝ አዩ። ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ አደረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ።

"የሺ፣ ይህ የማን ነው?"

"የማን ይሆናል? የሰናይት ነዋ።"

"ሰናይት ባለፈው ፋሲካ ስትመጣ በዚህ በር ጎንበስ ብላ ነው የገባች። ይህ ቀሚስ ጉልበቷን ካለፈ እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም።"

ለልክ የተሰጠኝ ቀሚስ ሰናይት ተማሪ ሳለች የለበሰችው ኖሯል። እናት ልጇ ምን ያህል እንደረዘመች በዓይኗ እያየች በልቧ አልመዘገበችውም። እትዬ የሺ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እህል ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ግን የሚያዩት እኔን ነው። ቀሚስ ሲያጥር የሚታየው ሰፊዋ ናት።

ስልክ ተደወለ። ሰናይት እስከዚያ ቀን ድረስ ተረኛ ነበረች፤ ከደብረ ኤልያስ ገና መንገድ ላይ ናት።

"ቁመትሽ ስንት ነው?" አሏት እናቷ እየጮሁ፤ መስመሩ ይቆራረጣል።

"እኔ እንጃ እማ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ ከዘበኛው በቀር የሚበልጠኝ የለም።"

"መቼ ነው የምትደርሽ?"

"ዛሬ ቢቸና ዘመድ ቤት አድሬ ነገ ማለዳ እገባለሁ።"

እኔ ቀሚሱን ይዤ ከቢቸና ሞጣ መጥቻለሁ፤ ለባሿ ደግሞ ቢቸና ልታድር ነው። በሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ነገ ረፋድ ላይ ሙሽራው ይመጣል። ማለዳ ደርሳ ልለካት፣ ልቆርጥ፣ ልቀጥል፣ ልጠልፍ? አይሆንም። ዛሬ፣ እሷ በሌለችበት መሠራት አለበት።

ኩታው ድርብ መሆኑ ትዝ አለኝ። አንዱን ድርብ ብገነጥለው ያው ሸማ፣ ያው ጥለት ነው፤ ከቀሚሱ ጠርዝ ላይ ሊቀጠል ይችላል። መጋጠሚያውን በጥልፍ እሸፍነዋለሁ። ጎኑም ቢሆን ወደ ውስጥ ያስተረፍኩት ጨርቅ አለው። "መኪና አለዎት?" አልኳቸው እትዬ ዘይነብን።

"አለኝ፤ ግን ከባድ ናት። የሚሸከም ወንድ ፈልጉ።"

ሁሉም ወደ ጥግ ዞረው ይርዳውን አዩት። ሄደ። ከአጥሩ ማዶ መኪናዋን በትከሻው ተሸክሞ ሲመለስ ዳስ የሚጥሉት ወንዶች "ወንድም፣ ልብስ ሰፊ ነህ?" ሲሉት ሰማሁ።

"ገበሬ ነኝ" አላቸው። ድምፁ ኮስተር ያለ ነበር።

መኪናዋን አስቀምጦ ቀና ሲል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሆነ። እሱ ራሱን በበሩ ጉበን መታ። እትዬ የሺ ደግሞ ከጆንያው ላይ ብድግ አሉ።

"እሱን ነው የምታክለው" አሉ። "ቁርጥ እሱን። ልጄ እንዲህ ነው ጭንቅላቷን የምትመታ።"

እትዬ ዘይነብ ይርዳውን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። "ቀጭንም ነው" አሉ። "እርሻ ወገቡን ጠብቆለታል።"

ይርዳው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ።

"እኔ? ቀሚስ?"

"ለቁመቱ ብቻ ነው" አልኩት። "ሰው ላይ ካልሆነ ጠርዙ ይንጋደዳል።"

"አንጓች፣ እኔ ወንድ ነኝ።"

"ማን አይደለህም አለ?" አሉ እትዬ ዘይነብ።

"በሬ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት" አለ። ይህን ሲል እሱም ራሱ ያፈረ ይመስላል።

እኔ ስናደድ አንቱ እለዋለሁ። የሚፈራውም ያንን ነው። ጠጋ ብዬ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ አድርጌ አንቱ አልኩት። "ካልፈለጉ ይተዉት። ነገ ተመልሰን አንካሳዋን ያስረክቧት። የሚስቴ የመጨረሻ ስፌት ሙሽራ ያሳፈረ ነው ብለው ለገዢው ይንገሩት።"

የእትዬ የሺን ፊት አየ። ቀሚሱን አየ። ጢሙን ዳሰሰ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

"በሩን ዝጉት" አለ።

ከሸሚዙና ከቁምጣው በላይ ቀሚሱን አጠለቅነው። መደብ ላይ አቆምነው። ነጭ ሸማ፣ ቀይና ወርቅማ ጥልፍ ከደረት እስከ ታች፤ ከላይ የይርዳው ጢም፤ ከታች የይርዳው ባት። ቀሚሱ ከጉልበቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ አበቃ። ሴቶቹ እንዳይስቁ ከንፈራቸውን ነክሰዋል። አንዲት ሴት መቻል ሲያቅታት ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ስትንፈቀፈቅ ከውጭ ይሰማል።

"ሙሽሪት ትከሻዋ ሰፋ ይላል" አሉ እትዬ ዘይነብ ዙሪያውን እየዞሩ። "ሰውነቷን ግን የታጠበች አትመስልም።"

"ከመንገድ ነው የመጣሁ" አለ ይርዳው ግድግዳውን እያየ።

መቀሱን አነሳሁ። ያን ኩታ ስገነጥል ልቤ ስንት ጊዜ እንደቆመ እኔ ነኝ የማውቅ። አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። እትዬ የሺ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ቆረጥኩት። በስፒል ከጠርዙ ጋር አያያዝኩት። ይርዳው ባቱን ሲወጋው "ኧረ ቀስ" ይላል።

"አትነቃነቅ።"

"እስከ መቼ ነው የሚቆም?"

"ጠርዙ እስኪስተካከል።"

"በሬ እንኳ እንዲህ አይጠመድም" አለ። ግን ቆመ። አንዱን ጎን ስጨርስ ሌላው ጎን ይወርዳል፤ ፈታሁ፤ እንደገና ያዝኩ። ጀርባዬ ሲንቋቋ ሰማ መሰለኝ።

"ቤትም እንዲህ ነው የምትሠሪው?" አለኝ።

"እንዴት?"

"እየፈታሽ፤ እንደገና እየያዝሽ።"

"ሁልጊዜ።"

ከዚያ በኋላ ቅሬታውን ተወ። ዙር ስለው ይዞራል፣ ቁም ስለው ይቆማል። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ራሱ መናገር ጀመረ። እጁን ወደ ላይ አንስቶ "እዚህ ብብቱ ጋ ይይዛል" አለ። ትክክል ነበር፤ አላላሁት። "እርምጃ ሲሄዱ ይጠልፋል" አለ፤ መደብ ላይ ወዲያ ወዲህ ብሎ አሳየኝ። ሙሽራ ምን ምን እንደምታደርግ በልቡ ሲያሰላ ነበር መሰለኝ፣ ድንገት ከመደቡ ወረደ።

"ነገ የእናት የአባቷን ጉልበት አትስምም?"

"ትስማለች።"

"ስትንበረከክ ይሄ ጎን ይተረተራል። አይበቃም። ይኸው እይ።"

ይህን ብሎ ጆንያው ላይ የተቀመጡት እትዬ የሺ ፊት በጉልበቱ ተንበረከከ። አንገቱን ደፋ። እኔ ጎኑን ለማየት መሬት ተኛሁ። በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

የሙሽራዋ አጎት ነበሩ። ቅኔ ያስተማሩ፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጭራ የያዙ መሪጌታ ናቸው። እንግዶቹ ደረሱ ሊሉ ገብተው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። የወንድማቸው ሚስት እግር ሥር ጢም ያላት ሙሽራ ተንበርክካለች። ይርዳው ከመሬት ቀና ማለትም፣ መነሳትም አልቻለም። በቃ፣ አልኩ በልቤ፤ ይህ ሰው ከዚህ ቀን በኋላ ስፌት የሚባል ነገር ቤቱ አያስደርስም።

መሪጌታ ቀስ ብለው ተራመዱ። ጭራቸውን ይርዳው ራስ ላይ አሳረፉ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

"ውለጂ፣ ክበጂ" አሉት።

ያን ጊዜ ቤቱ ተናደ። እትዬ ዘይነብ መሬት ላይ ተቀመጡ። እትዬ የሺ የቀሚሱ ማጠር ከታወቀ ጀምሮ ያመቁት እንባ በሳቅ ወጣላቸው። በተከፈተው በር ዳስ የሚጥሉት ወንዶች አንገታቸውን አሰገጉ። መሪጌታው ብቻ አልሳቁም።

"ምን እየሆነ ነው?" አሉ።

ይርዳው ተነሳ። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። ወንዶቹን አያቸው። ቀሚሱን ለማውለቅ እጁን ወደ አንገቱ ሲያነሳ አየሁት። ከዚያ ግን ምን እንደመጣለት አላውቅም፣ ስፒሎቹ እንዳይበተኑ ይሆን፣ እጁን መልሶ አወረደና ጠርዙን እንደ ሴት ሰብሰብ አድርጎ ወደ መደቡ ወጣ።

"ሥራ ላይ ነኝ፣ የኔታ" አለ።

"የማን ሥራ?"

"የባለቤቴ። ልብስ ሰፊ ናት።"

መሪጌታው እኔን አዩኝ፤ መሬት ላይ ስፒል በአፌ ይዤ። ቀሚሱን አዩ፤ ጠጋ ብለው ጥልፉን በጣታቸው ነኩት።

"ስምህ ማነው?"

"ይርዳው።"

"አይደለም" አሉ። "ይርዳት ነው። ክርስትና ያነሱህ ሰዎች ቸኩለው ነው።" ዞረው ወጡና በሩን ራሳቸው ዘጉት። ከውጭ ወንዶቹን ሲያሰናብቱ ሰማን። "ሂዱ፣ ዳሱን ጣሉ። ሰው ሥራ ላይ ነው።"

የቀረው ቀላል ነበር ማለት ባልችልም በሳቅ አለቀ። እትዬ ዘይነብ መኪናዋን እየረገጡ፣ እኔ በእጄ እየጠለፍኩ፣ ይርዳው እየለበሰ እያወለቀ፣ መብራት ሲበራ ቀሚሱ ተንጠልጥሎ ቆመ። ጎኑ ሰፍቷል፤ ጠርዙም እስከ ቁርጭምጭሚት ወርዷል። መጋጠሚያውን ፈልገው እንዲያገኙት ለሴቶቹ ብሰጣቸው አጡት።

በማግስቱ ሰናይት ደረሰች። በሩ ላይ ጎንበስ ብላ ስትገባ ሴቶቹ ሁሉ እፎይ አሉ። ቀሚሱ ገባላት። እንደ ውኃ ወረደላት። መስተዋት ፊት ዞር ዞር ብላ "መቼ ለካችሁኝ?" አለች። እትዬ ዘይነብ "መንታ እህት አለችሽ" አሏት።

የኔ ልብ ግን ገና አልተመለሰም። ጉልበት መሳሙ ይቀራል። ዳሱ ውስጥ ሰው ግጥም ብሏል። ይርዳው ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ከሁሉም በላይ ይታየኛል። ሰናይት ወደ እናት አባቷ ሄደች። ቀሚሷን ያዝ አድርጋ ተንበረከከች። ይርዳው ትንፋሹን ሲይዝ ከማዶ አየሁት። እኔም ይዣለሁ። አንገቷን ደፋች፤ አንዱን ጉልበት ሳመች፤ ወደ ሌላው ዞረች። ጎኑ ተለጠጠ፣ ያዘ። ተነሳች። ምንም አልተተረተረም።

እልልታው ሲቀልጥ ይርዳው ከጎኑ ወደ ቆመው ሰው ዞሮ፣ እኔ እስክሰማ ድረስ፣ "ጎኑን ያሰፋሁት እኔ ነኝ" አለው። ሰውየው ምን እንደሚመልስ ግራ ገብቶት አጨበጨበ።

ቢቸና ስንደርስ መኪናዋን የሚፈልገው ልብስ ሰፊ ሱቁ በር ላይ ነበር። እኔ ቀድሜ ሄድኩ፤ መስማት አልፈለግኩም። ይርዳው ግን ድምፁ እንደ ቁመቱ ነው።

"አልሆነም ወንድሜ" አለው። "ሥራ በዝቶባታል።"

"ባለፈው ትሸጣለች ብለኸኝ አልነበር?"

"ያኔ ሥራዋን አላውቀውም ነበር።"

በሬውስ ትሉኝ ይሆናል። በሬው ወዲያው አልመጣም። ይርዳው ሌላ አንድ ክረምት አቀናጅቶ አረሰ። ከዚያ ሠርግ ግን የሞጣ ሴቶች ስልኬን ተቀባበሉት። እትዬ ዘይነብ እሳቸው የማይደርሱበትን ሥራ ወደ እኔ ይልካሉ። የጎረቤቶቼ ልጆች ጥልፍ ተማሩ፤ አሁን ቢቸና በገበያ ቀን የምንቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለችን። በሬውም በጊዜው ተገዛ። ይርዳው የበሬውን አንገት እየዳበሰ "ይህን የገዛችው አንካሳዋ ናት" ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ለበሬው ነው የነገረው እንጂ ለእኔ አይደለም።

ውድ አንባቢዎች፣ ባሌ ቀሚስ ለበሰ ብዬ ላስቃችሁ ብቻ አይደለም ይህን ያወራሁት። መሳቅ ከፈለጋችሁ ሳቁ፤ እሱም ለምዶታል። እኔ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ የቀረችው ያቺ ቃል ናት፤ "ሥራ"። መንደራችን ውስጥ ቅቤ የምታነጥር፣ ሰፌድ የምትሰፋ፣ ዳቦ ጋግራ መንገድ ዳር የምትሸጥ ሴት ሁሉ ምን ትሠሪያለሽ ስትባል ቤት ነኝ ነው የምትለው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ይርዳው ያን ቀን መደብ ላይ ቆሞ፣ ያ ሁሉ ወንድ እያየው፣ ሥራ ላይ ነኝ ባይል ኖሮ፣ የእኔን ድካም በስሙ የጠራው ሰው ማን ይሆን ነበር? እኔ ራሴ አልነበርኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሲጠይቀኝ ልብስ ሰፊ ነኝ እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ አፌ ይተሳሰር ነበር፤ አሁን ለመደ። እናንተም ቤት ነኝ የምትል እናት ወይም እህት ካለቻችሁ፣ ቤት ሆና ምን እንደምትሠራ አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ቀሚሱን መልበስ ግዴታ አይደለም።

እሱ ታሪኩን ሲያወራ በሩን ያዘጋው አቧራ እንዳይገባ እንደሆነ፣ ቀሚስ መልበሱንም ራሱ እንዳሰበው ይናገራል። ተዉት፤ አታርሙት።

ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ ልትለካ ክፍላችን መጣች። ይርዳው ከገበያ ወደ ቤት ሲመለስ ጎራ ብሎ አገኛት። በትሩን ተደግፎ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግሯ በጥንቃቄ አያት። ልጅቷ ደረቱ ጋ እንኳ አትደርስም። ቅር ሲለው ፊቱ ላይ አነበብኩት።

"ይቺን እንኳ አንቺው ልበሽላት" አለኝና ወደ በሬዎቹ ሄደ።